ሞተር ከመግዛትህ በፊት፦ ለኮሮላው ባለቤት

ጥያቄው ይህ ነው። «ጋሼ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1990 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። ሞተሯ 2ኢ ነው፣ ባለ ካርቡሬተር። ዘይት ትበላለች። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተትኩ ነው። አንዱ መካኒክ 4ኢ ኢንጀክሽን ግጠምላት ይለኛል። ሌላው ደግሞ ከገባህበት አይቀር 4ኤ ነው ይላል። ሞተር ቀይሬ አላውቅም፣ ግን ከጓደኛዬ ጋር እሱ ግቢ ውስጥ ልንሠራው አስበናል። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሞተር ልግዛ? ከየት ልጀምር? ቢነግሩኝ።»

ሶማሌ ተራ አትሂድ፣ ገና ነው።

ሞተር ማውጣትና ማስገባት ከዚህ ሥራ ሁሉ ቀላሉ ነው። ሞተር የሚያነሳው ፓራንኮና ደህና መፍቻ ካላችሁ ሁለት ሰው ቅዳሜና እሁድ ይጨርሰዋል። መኪናን ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሶ ለወራት የሚያስቀምጣት ሽቦው፣ የቤንዚን መስመሩና ወረቀቱ ነው። ጀማሪ ግን ሞተሩን ገዝቶ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ገንዘቡ ያልቃል፣ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ስልክ አያነሳም። አንተ ከጀርባ ጀምር። ሞተሩ መጨረሻ ላይ ይገዛል።

ከሁሉ በፊት ግን 2ኢው በእርግጥ ሞቷል ወይ? «ዘይት ትበላለች» ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። ጠዋት ስታስነሳት ወይም መብራት ላይ ቆመህ ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብላ ከተወችው፣ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። እሱ ደግሞ ሞተር አያስቀይርም። ዳገት ላይ ነዳጅ በረገጥክ ቁጥር ያለማቋረጥ የምታጨስ ከሆነ ፋሻው፣ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ አልቋል ማለት ነው።

በዓይን አትገምት፣ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ አስለካ። ሞተሩ ይሙቅ። አራቱም ካንዴላ ይውጣ። የኮይሉ ሽቦ ይነቀል። ባትሪው ሙሉ ይሁን። አንድ ሰው የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሪኖውን ያሽከርክር። በየሲሊንደሩ የወጣውን ቁጥር ጻፍ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ቁጥሩ መጽሐፍ ላይ ካለው ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው። አትደንግጥ። ቁም ነገሩ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቶዮታ የሚፈቅደው እስከ 1 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ከሌሎቹ ወርዶ ካገኘኸው በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምርና ድገመው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው። ንቅንቅ ካላለ ወደ ቫልቭ ወይም በሞተሩ ራስ (በቴስታታው) ሥር ወዳለው ጓርኒሲዮን ሂድ።

ኮምፕሬሽኑ ደህና ሆኖ ጉልበት ብቻ ካጣች፣ ካርቡሬተሩን ጠርጥር። ካርቡሬተር ከፍታ አያውቅም። አየሩ ሲሳሳም ቤንዚኑን እንደለመደው ይሰጣል። ውጤቱ ጥቁር ካንዴላ፣ ቤንዚን የሚሸት ጭስና ደካማ ዳገት ነው። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጣ የትኛውም መደበኛ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ በላይ አጥቶ ነው የሚሄደው። በደንብ የጸዳና የተስተካከለ ካርቡሬተር፣ ልክ የሆነ ታይሚንግና የማይንሸራተት ፍሪሲዮን ያላት 2ኢ እንጦጦን በሁለተኛ ትወጣዋለች። ፍሪሲዮኑን በተለይ እየው። ሞተር ይቀየርልኝ ብለው መጥተው ፍሪሲዮን ቀይረው የሄዱ ሰዎች አሉ።

እሺ፣ ለካህ፣ ፋሻው አልቋል እንበል። ያኔም ቢሆን 2ኢውን ማሳደስ አንድ አማራጭ ነው። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አሠርተህ፣ ፒስተንና ፋሻ ቀይረህ ትገጥመዋለህ። ሽቦ አትነካም፣ ሊብሬ አትነካም። መኪናዋ የዕለት እንጀራህን የምታመጣ ከሆነ እኔ ይህን ነው የምመክርህ። ጊዜ ካለህና መማር ከፈለግህ ግን እንቀጥል።

ሁለቱም መካኒኮች አልዋሹህም። 4ኢ ካለህበት ሞተር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። 2ኢ 1,295 ሲሲ ነው፣ 12 ቫልቭና አንድ ካምሻፍት አለው። 4ኢ 1,331 ሲሲ ሆኖ 16 ቫልቭ፣ ሁለት ካምሻፍትና ኢንጀክሽን አለው። ቶዮታ ራሱ ከአንተዋ ቀጥሎ በመጣው ኮሮላ ላይ፣ ኢኢ101 በሚባለው፣ ይህንኑ 4ኢ ገጥሞታል። ቤተሰብ በመሆናቸው ያለህ ካምቢዮ 4ኢው ላይ ይገጥማል። አክስሎቹም አይነኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

4ኤም ባዕድ አይደለም። 1,587 ሲሲ ነው፣ በአንተው ቦዲ ኤኢ92 የሚባለው ኮሮላ ላይ ከፋብሪካ ወጥቷል። ኮፋኖው ሥር ይገባል ማለት ነው። ግን ቤተሰቡ ሌላ ነው። ካምቢዮው፣ የፊት አክስሎቹ፣ ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ብራኬቶችና ጎሚኒዎች፣ ራዲያተሩ፣ የጭስ ማውጫው የፊት ክፍል፣ ሁሉም ከኤኢ92 መምጣት አለባቸው። የተገለበጠ ኤኢ92 ሙሉውን ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ግዛው። ሞተሩን ብቻ አግኝተህ የቀረውን «እየፈለግን እንሞላዋለን» ከሆነ ግን ተወው። በብየዳ የሚሠራ የሞተር ማስቀመጫ አልወድም። ዛሬ ይይዛል፣ ከርሞ ይሰነጠቃል። ደግሞ ሞተር ሲጠነክር ፍሬንም አብሮ መጠንከር አለበት፣ ይህ ሌላ ወጪ ነው።

የቪትዝ ሞተር የሚልህም አይጠፋም። ካምቢዮ፣ ማስቀመጫና ሽቦ ሁሉም ሌላ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም።

ስለዚህ ምክሬ 4ኢ ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የአንተ መኪና ባለ ካርቡሬተር ናት። የቤንዚን ፓምፗ ሞተሩ ላይ ተገጥሞ በካምሻፍቱ የሚገፋ ነው፣ የሚሰጠው ግፊት ከሩብ ባር ብዙም አይበልጥም። ኢንጀክሽን ግን ወደ 3 ባር ይፈልጋል። ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ የኢንጀክሽን ፊልትሮና ለዚያ ግፊት የተሠራ ቱቦ ያስፈልግሃል። የካርቡሬተር ጎማ ቱቦ በተራ ፋሼታ አስረህ 3 ባር ብትሰድበት አንድ ቀን ይፈነዳል። የሚረጨው ቤንዚን ደግሞ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ነው። ቱቦ ላይ አትቆጥብ። ጎኑ ላይ ለኢንጀክሽን መሆኑ የተጻፈበትን ግዛ። ከታንክ እስከ ሞተር ያለውን የብረት መስመርም በእጅህ እየዳበስክ እየው። ዝገት ያለበት ቦታ አሁን ባያፈስም 3 ባር ሲመጣ ያፈሳል። መመለሻ መስመር ያስፈልጋል፤ አሮጌው ካለና ንጹህ ከሆነ በእሱ መጠቀም ይቻላል።

ታንኩም ራሱ ነገር አለው። የካርቡሬተር መኪና ታንክ ውስጥ ፓምፑን የሚከብ ማጠራቀሚያ የለም። ቤንዚን ሲያንስና ኩርባ ላይ ስትዞር ፓምፑ አየር ይስባል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ካርቡሬተር የራሱ ትንሽ ጎድጓዳ ስላለው ይህን ችሎ ያሳልፈው ነበር። መፍትሔው ከኢንጀክሽን ኮሮላ ታንኩን ከነፓምፑ ማምጣት ነው። ካልሆነ ትንሽ መጠባበቂያ ታንክ በመካከል መግጠም። ሁለቱም ካልተመቸህ ታንኩን ከሩብ በታች አታውርደው። እኛ ሀገር ቤንዚን ጥበቃ መሰለፍ ባለበት ሰሞን ግን ይህ ምክር ለማክበር እንደሚከብድ አውቃለሁ።

አሁን ሽቦ። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትይዝ ይህን ያዝ፦ ሽቦው በቢላ የተቆረጠ ሞተር አትግዛ። ነጋዴዎች ሞተር ሲያወርዱ ለመፍጠን ሲሉ የሽቦውን እቅፍ ፋየርዎሉ ጋ፣ ሞተሩን ከመኪናው ውስጥ የሚለየው ቆርቆሮ ጋ፣ ቆርጠው ይጥሉታል። ኮምፒውተሩ ያለው ግን ከፋየርዎሉ ወዲያ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ነው። ከተቆረጠ በኋላ በቀለም እየገመትክ ታቀጣጥላለህ፣ ቀለሞቹ ደግሞ በ30 ዓመት ሙቀት ሁሉም ቡናማ ሆነዋል። ኮምፒውተሩ፣ የሽቦው እቅፍ ከነሶኬቶቹ፣ ሪሌዎቹ፣ የአየር ግፊት የምትለካዋ ሴንሰር ከነቱቦዋ፣ ሁሉም ከአንድ መኪና አብረው ይምጡ። ያች ሴንሰር ትንሽ ናት፣ ፋየርዎል ላይ ተሰክታ ትቀራለች፣ ሰው ይረሳታል። ሞተሩ ያለ እሷ አይሠራም። ከፍታ የሚያውቀውም በእሷ ነው። የኮምፒውተሩን ቁጥር ፎቶ አንሳው፤ ከአውቶማቲክ መኪና የመጣ ከሆነም አስቀድመህ እወቅ። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ቮላኖ አብሮ አይመጣም። ለማንዋል የሚሆነውን ከነፍሪሲዮኑ ለብቻ ትፈልጋለህ።

የሽቦው ብዛት አያስደንግጥህ። አብዛኛው ከኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ ሄዶ የሚያልቅ ነው፣ እሱን አትነካውም። ከመኪናዋ ጋር የሚገናኙት ጥቂት ናቸው። ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ መስመር፣ ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣ መስመር፣ ሞተሪኖ ሲዞር የሚመጣ ምልክት፣ የፓምፑ መስመር፣ የሞተር ምልክት መብራት፣ የፍጥነት ምልክት፣ ከዚያም ማሳዎች፣ ማለትም ወደ መኪናዋ ቆርቆሮ የሚታሰሩት የኔጌቲቭ መስመሮች። ማሳዎቹን ቀለም ያለበት ቆርቆሮ ላይ አትሰር፤ ፍቀህ፣ አጽድተህ፣ በቡሎን እሰር። «አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም» የሚባለው በሽታ አብዛኛው ማሳ ነው። የሙቀት ሴንሰርም ሁለት ነው፤ አንዱ ለኮምፒውተሩ፣ አንዱ ዳሽቦርድ ላይ ላለው ጌጅ። ሁለቱም ይገናኙ።

አንድ ነገር ኤሌክትሪሺያንህን ቆመህ ጠብቀው። የቤንዚን ፓምፑ የሚሠራው በልዩ ሪሌ ነው። ሞተሩ መሽከርከር ሲያቆም ሪሌው ፓምፑን ይዘጋዋል። ብዙ ባለሙያዎች ይህ ያስቸግራቸውና ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ያስሩታል። ይሠራል፣ ሞተሩም ይነሳል፣ አንተም ታመሰግናለህ። ተጋጭተህ ቱቦ ቢቆረጥ ግን ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ፓምፑ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። አትቀበል። ሪሌው በቦታው ይግባ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና ከኋላ አዳምጥ። ፓምፑ ሳያቋርጥ የሚጮህ ከሆነ በቀጥታ ታስሯል።

ስለ ቴርሞስታት ደግሞ አንገት ለአንገት የምንተናነቅበት ነገር አለ። እኛ ሀገር መኪና ትንሽ ሲሞቅ መካኒኩ መጀመሪያ የሚያደርገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ከካርቡሬተር መኪና ጋር ብዙም ሳይታወቅ ይታለፋል። ከኢንጀክሽን ጋር ግን አይሆንም። ኮምፒውተሩ ውኃው ካልሞቀ ሞተሩ ገና ጠዋት የተነሳ ይመስለዋል፣ ቤንዚን ይጨምራል። ከዚያ «ኢንጀክሽን አስገጥሜ ይበልጥ ቤንዚን በላች» ትላለህ። 82 ዲግሪ አካባቢ የሚከፍት አዲስ ቴርሞስታት አስገባ። ሞቀች ከተባለ ሌላውን ፈልግ፤ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ይሆናል፣ ፋኑ ላይዞር ይችላል፣ ወይም ክዳኑ ነው። ክዳኑን አትናቅ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ ሞቆ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ቀይርና እየው፣ ስንቱ «ቴስታታው ተበልቷል» የተባለ መኪና በዚያ ይድናል። የቧንቧ ውኃ ብቻ አትሙላ፣ ኩላንት ጨምር፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው።

ወረቀቱ። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ዓመታዊ ምርመራ ስትሄድ፣ መኪናዋን ስትሸጥ፣ አደጋ ደርሶ ኢንሹራንስ ሲጣራ ቁጥሩ ይታያል። የተለየ ቁጥር ያለው ሞተር ይዘህ በአሮጌ ሊብሬ መንዳት ራስህን መሸወድ ነው። ስለዚህ ሞተር ሳትገዛ፣ ልድገመው፣ ሳትገዛ፣ መኪናዋ ፋይሏ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ቅርንጫፍ ሂድና የሞተር ለውጥ ለማስመዝገብ ምን እንደሚጠይቁ በዝርዝር ጠይቅ። ሻጩን ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ኮፒ ጠይቀው። «ችግር የለም፣ በኋላ እሰጥሃለሁ» ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ። ብሎኩ ላይ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ከሆነ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰደው።

ይህን ሁሉ ከጨረስክ አሁን ሶማሌ ተራ ሂድ። ብቻህን አትሂድ፣ በማለዳ ሂድ። የዘይቱን ክዳን ክፈት። ውስጡ ወፍራም ጥቁር ጭቃ ካለ ዘይት ያልተቀየረለት ነው። ወተት የመሰለ ካለ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል። የቴርሞስታቱን ቤት አስፈትተህ የውኃውን መንገድ ተመልከት፣ ዝገቱ ብዙ ነገር ይናገራል። ፑሊውን በመፍቻ አዙረው፣ ሙሉ ዙር ያለ ችግር መሄድ አለበት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው፤ ቋ ቋ ካለ ተወው። ኮምፕሬሽን መለኪያህን ይዘህ ሂድ። ደህና ሻጭ መሬት ላይ አስነስቶ ያሳይሃል። ካላስነሳልህ ቢያንስ ዋስትና በጽሑፍ ይስጥህ፣ ከነቀኑ።

ስለ ገንዘብ ጠይቀኸኝ አልነበረም፣ ግን መጠየቅ ነበረብህ። ዋጋ ዛሬና ነገ ስለሚለያይ ቁጥር አልጠራልህም። የራሴን ሚዛን ልንገርህ፤ ለሞተሩ የከፈልከውን ያህል ሌላ ገንዘብ ከሌለህ አትጀምር። ታይሚንግ ቺንጋው፣ የውኃ ፓምፑ፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙት የፊትና የኋላ ፓራኦሊዮዎች፣ ፍሪሲዮኑ፣ ጎሚኒዎቹ፣ ቱቦዎቹ፣ ፓምፑ፣ ዘይቱ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ሁሉም ከዚያ ይወጣል። ሞተሩ ውጭ ሳለ የኋላ ፓራኦሊዮ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከገባ በኋላ ካምቢዮ ማውረድ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ካስወደደ፣ በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን መኪኖች ሁሉም ሰው እያደሰ ስለሆነ መለዋወጫም ርካሽ ይሆናል ብለህ አትጠብቅ።

ግቢ ውስጥ መሥራቱን አልቃወምም። ብቻ ፓራንኮውን የግቢው ዛፍ ላይ እንዳታስሩት። ሞተሩ ከነካምቢዮው ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ፓራንኮ ከነማቆሚያው የሚያከራዩ አሉ። መኪናዋን በካቫሌቶ፣ በብረት ማቆሚያው፣ ደግፉ፣ በክሪክ ወይም በድንጋይ ተደግፋ ከሥር የሚገባ አይኑር። ባትሪው አስቀድሞ ይነቀል፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። እያንዳንዱን ሶኬትና ቱቦ ሳትነቅል ፎቶ አንሳው፣ በፕላስተር ቁጥር ለጥፍበት። ቡሎኖችን በየላስቲኩ ለይና ከየት እንደወጡ ጻፍበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሳው ቸኩለህ ቁልፍ አትምታ። የኢንጀክሽኑን ፊውዝ አውጣና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ብቻ አሽከርክር፣ ሞተሪኖውን እያሳረፍክ። ከዚያ ፊውዙን መልስ፣ ቁልፍ ክፈት፣ ቱቦዎቹን ዞረህ በዓይንህም በአፍንጫህም ፈትሽ። ከዚያ አስነሳ። የሞተር ምልክቱ መብራት በርቶ ከቀረ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ አያስፈልግህም። ኮፋኖው ሥር ባለችው የመመርመሪያ ሳጥን ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን ቀዳዳዎች በትንሽ ሽቦ አገናኝና ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥር ይሰጥሃል። ሁለት ብልጭታ፣ ትንሽ እረፍት፣ ሁለት ብልጭታ ካለህ 22 ነው፣ የሙቀት ሴንሰር። 31 ያችን የአየር ግፊት ሴንሰር ነው የሚያመለክተው፤ 41 ደግሞ የነዳጅ ፔዳሉን ቢራቢሮ። ሳያቋርጥ እኩል የሚል ከሆነ የያዘው ስህተት የለም።

የድሮውን 2ኢ ለኮራሌው አትስጠው። ብራኬቶቹን 4ኢው ላይ ልትፈልጋቸው ትችላለህ። ዲናሞውና ሞተሪኖው መጠባበቂያ ይሆኑሃል። ሊብሬህ ላይ አዲሱ ቁጥር እስኪጻፍና አዲሱ ሞተር ክረምቱን እስኪያልፍ ድረስ ግቢ ጥግ ሸፍነህ አስቀምጠው፣ ከዚያ ሽጠው።